ያመለጡንን ማሞገስ

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም፣ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ፒያኖ አዋቂ ሆኖ አደረ። ያን ሰሞን የተጻፈውንና የተነገረውን እስኪ አንባቢ ያስታውስ። አብዛኛው ስለ ሙዚቃቸው አልነበረም። ስለ ምናኔያቸው ነበር፤ በባዶ እግራቸው ስለ መሄዳቸው፣ ዓለምን ስለ መናቃቸው፣ ዝናን ስለ መሸሻቸው። ይህ ጸሐፊ ያንን ውዳሴ ሐቀኛ ውዳሴ ነው ብሎ ለመቀበል ይቸገራል። ውዳሴው የተደረደረው ለሟቿ ክብር ሳይሆን ለአመስጋኞቹ እፎይታ ይመስላል።

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ገና በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ተዋወቁ። ተመልሰው እፎይ ሳይሉ ፋሺስት ጣልያን ቤተሰቡን አፍሶ አሲናራ ደሴት ላይ አጋዘው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች እግር ሥር ተማሩ። ቀጥሎ የመጣው የለንደን ዕድል ነው። ለንደን ሄደው ሊማሩ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ ፈቃድ ተነፈጋቸው። ያቺ ወጣት እህል አልቀምስም አለች፤ ለሞት ተቃርባ ቆረበች፤ ስትድን ፒያኖዋን ጥላ ወደ ግሸን ማርያም ወጣች። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ተቀመጠች።

በዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው ጸሐፊዎቻችን ብዕራቸው የሚጣፍጣቸው። የተከለከለች ልጃገረድ ታሪክ በእጃቸው ገብቶ የቅድስና ታሪክ ሆኖ ይወጣል። የእማሆይ ምናኔ እውነተኛ ነበር፤ በዚያ ላይ ቃል መሰንዘር ድፍረት ነው። ነገር ግን ከልካዩን ከታሪኩ ውስጥ ቀስ አድርጎ አውጥቶ ገዳሙን ብቻ ማስቀረት ምን ይባላል? የተዘጋውን በር እንደ ሰማይ መንገድ አድርጎ መሳል ማንን ይጠቅማል? በሩን የዘጋውን ይጠቅማል። ዛሬም ዘግቶ የያዘውን ይጠቅማል።

አሁን ወደ ውርጌሳ ልምጣ። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከውጫሌ በስተሰሜን፣ ከመርሳ በስተደቡብ የምትገኝ የሐብሩ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ዐይንን ቀና ቢያደርጉ የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። ግሸን ያለችው በእነዚያ ተራሮች ውስጥ ነው። ስለዚህ የውርጌሳ ልጅ የአገሪቱ ታላቅ የፒያኖ ሰው ተከልክላ የሸሸችበትን አገር ጎረቤቱ አድርጎ ያድጋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ የሚያድገው በቅኝት ስም ውስጥ ነው። አራት ናቸው ከምንላቸው ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። ሌላው ዓለም ቅኝቱን በቁጥር ወይም በጥንት ግሪክ ነገዶች ስም ሲጠራ፣ እኛ ሰው ገበያ በሚወጣበት፣ ከብት በሚያግድበት ተራራ ስም እንጠራለን። ስሙን ሰጥቶ ቤቱን የተከለከለ አገር ቢኖር ይኸው ወሎ ነው።

እንበልና በዚያች ከተማ ጣቱ የሠላ አንድ ወጣት አለ። ስም አልሰጠውም፤ እንዲህ ያለ ልጅ በየከተማው አለና አንባቢ የሚያውቀውን ይተካ። ኦርጋን ይጫወታል፤ ኦርጋን የምንለው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። የአምባሰልን አምስት ድምፅ በጆሮው ለቅሞ ያወጣል። ዘፋኙ በሁለት ቁልፎች መካከል በጉሮሮው የሚሰርቀውን፣ ኪቦርዱ የሌለውን ድምፅ እያደነቀ ይከተላል። ሠርግ ይሠራል። የከበሮውን ምት የሚሰጥ ቁልፍ አለ፤ እሱን ሲጫን ከበሮ መቺው ሥራ ፈት ይሆናል። ባሱን የሚሰጥ ሌላ ቁልፍ አለ፤ ባስ ተጫዋቹም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ብቻውን ባንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ የባህል ተቆርቋሪ ነን የሚሉት ይነሡና «ኪቦርድ ማሲንቆን ገደለ» ይላሉ። ልጁን ይወቅሱታል። ኪቦርዱ ከዚያ ሌላ ምን እንደሚሠራ ማን አስተማረውና?

በአውሮፓ የኦፔራ ቤቶች ውስጥ ከዚህ ልጅ ጣት ጋር የሚመሳሰል ጣት የሚሄድበት የታወቀ መንገድ አለ። ኦፔራ በአብዛኛው በዜማ የሚነገር ቴአትር ነው። ዘፋኞቹ ድርሻቸውን የሚለማመዱት ለሳምንታት ነው፤ ለሳምንታት ሙሉ ኦርኬስትራ ማስቀመጥ ደግሞ የነገሥታትም ኪስ አይችለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ፒያኖ ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ የተዘረጋው ኖታ በብዛት የዋሽንቱ፣ የመለከቱ፣ የቫዮሊኑ፣ የከበሮው ድርሻ ለፒያኖ ተጠቃልሎ የተጻፈበት ነው። ያንን ሁሉ በዐይኑ ጠራርጎ በአሥር ጣቶቹ ይጫወተዋል። ዘፋኙ የሳተውን ቃል ያቀብላል፤ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ይነግራል፤ የቀረውን ዘፋኝ ድርሻ ራሱ እያንጎራጎረ ይሞላል። ጥቂት ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው ኦፔራውን ከዘፋኞቹ በላይ ያውቀዋል። አንድ ቀን ዋናው መሪ ይታመማል፤ በትሩ በእሱ እጅ ይገባል። የኦፔራ መሪ በብዛት የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው። ጆርጅ ሾልቲ ቡዳፔስት ውስጥ ለዓመታት የልምምድ ፒያኖ ሲመታ ኖሮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 የሞዛርትን «የፊጋሮ ሠርግ» እንዲመራ ዕድል ያገኘው፣ ሂትለር ኦስትሪያን በያዘባት ዋዜማ ምሽት ነበር።

ከሾልቲ ይልቅ ለውርጌሳው ልጅ የሚቀርበው ግን አንቶኒዮ ፓፓኖ ነው። ከደቡብ ጣልያን ተሰድደው እንግሊዝ አገር የገቡ ወላጆች ልጅ ነው። አባቱ ዘፈን ያስተምሩ ስለ ነበር ገና በአሥር ዓመቱ ለአባቱ ተማሪዎች ፒያኖ ይመታላቸው ጀመር። የሙዚቃ ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም። በ21 ዓመቱ በኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ የልምምድ ፒያኖ ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2024 የለንደኑን የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት በሙዚቃ መራ። የስደተኛ ልጅ፣ ኮሌጅ ያልገባ፣ ለሰው ዘፈን አጃቢ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ከእኛው የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች የሚለየው በተሰጥዎ መሆኑን ማንም ሊምልልኝ አይችልም። ለእሱ ግን የሚረግጠው ደረጃ ነበረለት፤ በ21 ዓመቱ ደመወዝ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወንበር ነበረለት።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ከእኛ ባህል ምን አገናኘው?» የሚል መነሣቱ አይቀርም። ይህን ከሚሉት መካከል አንዳንዶቹ ማኅሌት ሲያስቀድሱ ያደጉ ናቸው። መሪጌታው መሐል ቆሞ፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው በየወገናቸው ተሰልፈው፣ መቋሚያው ሲነሣ የሚነሣ፣ ሲወርድ የሚወርድ፣ ጸናጽሉ ሲዘገይ የሚዘገይ፣ ከበሮው ሲፈጥን የሚፈጥን ሸንጎ ምን ይባላል? ኦርኬስትራ አለመባሉ ነው እንጂ! የየጁውን ዳናን የሚያውቅ የወሎ ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። በመንዙማ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ አውራጁ ድምፁን ባንድ ፈርጅ ካነሣ መቶው ሰው በዚያው ፈርጅ ይከተላል። ብዙ ሰው በአንድ እጅ ሥር ማስተንፈስ ለእኛ ባዳ አይደለም።

ከምልክቱ ይልቅ ግን እኔን የሚያስቀናኝ ሥርዓቱ ነው። የጥንቱ የዜማ ተማሪ ከወላጁ ቤት ሲወጣ የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ድጓውን ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ አቋቋሙን ለማስመስከር ጎንደር በዓታ ይሄዳል። ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው ዓመታት ያሳልፋል፤ ኑሮው መራራ ነበርና ላሳምረው አልፈልግም። ነገር ግን መጨረሻው የታወቀ ነው። ተመርቆ ሲወጣ ማዕረግ አለው፤ የሚቆምበት ደብር አለው፤ ድርጎ አለው፤ በድሮው ጊዜ መሬትም ነበረው። ከሐብሩ የወጣ ድሃ ልጅ መሪጌታ ሆኖ ሊመለስ ይችል ነበር። ዛሬ ከዚያው ከሐብሩ የወጣ የኪቦርድ ልጅ የሚወጣበትን ሁለተኛ ደረጃ ማን ያሳየኛል? አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ ይኑር፤ ፒያኖ ያስተምራል። ዕድለኛው ከደረሰበትም በኋላ ዲፕሎማውንና ዲግሪውን ይዞ ወጥቶ የሚመራው ምን አለ? ደመወዝተኛ ዘፋኝና ደመወዝተኛ ኦርኬስትራ ያለው የኦፔራ ቤት በዚህች አገር ተሠርቶ አያውቅም። መሪ ማለት ደግሞ መሣሪያው ሰው የሆነ ሙዚቀኛ ነው። ክራር ተጫዋች ክራሩን ታቅፎ ይሰደዳል፤ መሪ ግን ኦርኬስትራ ከሌለው እጁን ከማወዛወዝ በቀር የሚሠራው የለም።

ይህን የሚያውቁ ታላላቆቻችን ምን እንደ ደረሰባቸው ተመልከቱ። አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቀው አገራቸው ገቡ። የያሬድን ትምህርት ቤት አቋቁመው የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን ለኦርኬስትራ ጻፉ፤ ድርሰቱን የተጫወተላቸውና እሳቸውም የመሩት ኦርኬስትራ ግን የሃንጋሪ ነው። እረኛው የእኛ፣ ዋሽንቱ የእኛ፣ ደራሲውና መሪው የእኛ፤ ተጫዋቾቹን ለመፈለግ ግን ቡዳፔስት መሄድ አስፈለገ። በኋላ አሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆኑ፤ የቀረውን ዕድሜያቸውን የባዕድ ልጆች ሲያስተምሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሎሪዳ ውስጥ አረፉ። እኛም እንደ ልማዳችን አለቀስን፤ «ጥቁሩ ኮዳይ» አልን። ኮዳይ ግን ሕዝቡ የሚዘምረውን ለቅሞ ለትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ያዳረሰ፣ መንግሥትም ያዳረሰለት ሃንጋሪያዊ ነው። ስሙን ለአሸናፊ ስንሰጥ አገሩ ለኮዳይ ያደረገችውን አብረን አልሰጠናቸውም።

ኃይሉ መርጊያስ? የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ሰው፣ ለጉዞ በሄዱበት ዋሽንግተን ቀርተው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ እስኪመጣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዱት ካሴት በ2013 በፈረንጅ አሳታሚ እጅ እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያጨበጭብላቸው እኛም ደረስንና አብረን አጨበጨብን። ታክሲዋን እንደ ተረት እናወራታለን። ለእኔ ግን ታክሲዋ የክስ ማስረጃ ናት።

የሙላቱ አስታጥቄ ነገር ትንሽ ይለያል፤ እሳቸው ሳይታክቱ ተመላልሰዋል። የመቋሚያውን ነገር ደጋግመው የሚያነሡት፣ ሙዚቃን በዱላ መምራት ከቅዱስ ያሬድ የመጣ ነው የሚሉት እሳቸው ናቸው። ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች እንተወው። እኔ የምፈራው የእኛን የአድማጮቹን ስንፍና ነው። «እኛ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መርተናል» የሚል ሰው በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ለአንድ ወጣት በትር ላለማስያዝ ጥሩ ማመካኛ አገኘ ማለት ነው። ሙላቱ ራሳቸው ግን በወሬ አልቀሩም፤ ስለ ያሬድ ኦፔራ መጻፍ ጀመሩ። ከኦፔራው ከፊሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የት ይመስላችኋል? አክሱም? ላሊበላ? ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2008። የዜማው አባት ኦፔራ ሆኖ ሲመጣ የተወለደበት አገር ውስጥ ማረፊያ ወንበር አጣ።

«ጤፍ በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት አገር፣ ያውም በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚያው ጎዳና ሲወጣና ሲወርድ በከረመበት በወሎ፣ ኦፔራ ማለት ቅብጠት ነው» የሚለው ክርክር ከሁሉም ይልቅ ክብደት አለውና አልዘልለውም። የሚራብ ሰው ባለበት ፒያኖ መጥራት ያሳፍራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ድሃ ነን የምንለው መርጠን ነው። ወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቆላታል። ለኳሱ ጠላት አይደለሁም፤ እሰየው ነው። ለጋሽ ሲገኝ፣ ፈቃድ ሲኖር፣ ሠራተኛ ሲሰለፍ፣ ሰሜን ወሎ ውስጥ ትልቅ ነገር መሥራት እንደሚቻል ግን ስታዲየሙ በኮንክሪት መስክሯል። ልጁ የሚጠይቀው ደግሞ የስታዲየሙን አንድ የደጋፊዎች አግዳሚ ያህል ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም።

የካይሮንም ነገር እናስታውስ፤ የእማሆይ ትምህርት ያለፈባት ከተማ ናትና። ኸዲቭ እስማኤል እ.ኤ.አ. በ1869 ካይሮ ውስጥ የኦፔራ ቤት አሠራ። በ1871 የቬርዲ «አይዳ» ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ታየች። አይዳ ማን ናት? ግብፅ ውስጥ በምርኮ የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ! ከአራት ዓመት በኋላ ያው ኸዲቭ ጦሩን አዘመተብን፤ ጉንደትና ጉራ ላይ የሆነውን ሁሉ ሰው ያውቃል። በጦር ሜዳ አሸነፍን። መድረኩ ላይ ግን እስከ ዛሬ ምርኮኛ ነን፤ አይዳን የሚዘፍናትም የሚመራትም ሌላ ነው። የካይሮው ቤት በ1971 ተቃጠለ፤ ግብፆች ደሃ አገር ነን ብለው አልተዉትም፤ በጃፓን እርዳታ አዲሱን በ1988 ከፈቱ። ከውርጌሳ የተነሣ ልጅ አንድ ቀን ቆሞ «አይዳ»ን ቢመራ ለእኔ ከሰባት ጉባኤና ከሰባት የባህል ቀን ይበልጥብኛል። የባህል ቀን የምንለው፣ የወሎን ልጆች ነጭ በነጭ አልብሶ ለስብሰባ መክፈቻ አሥር ደቂቃ ማስጨፈር ከሆነ ከረመ።

እማሆይ ግን ይህን ከማናችንም በላይ ገብቷቸው ነበር፤ አመስጋኞቻቸው ከሕይወት ታሪካቸው የዘለሉትም ይህንኑ ነው። ከግሸን ከወረዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር ተቀመጡ። በየቀኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የዜማ ተማሪዎቹ በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ሜዳ ላይ ሲያድሩ ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የተዉትን ፒያኖ እንደገና ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው፣ ገቢው ችግረኛ ልጆችን ማስተማሪያ እንዲሆን ታስቦ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያለቅስበት ያ ሙዚቃ ከብሕትውና ብቻ የተወለደ አይደለም። የአንድ ተማሪ የዕለት ጉርስና የመኝታ ጉዳይ አለበት። ለራሷ ደረጃው የተነሣባት ሴት ለሌሎች ደረጃ ልታነጥፍ ሞክራለች፤ እኛ ደግሞ የባዶ እግሯን ፎቶግራፍ ሰቅለን ተማሪዎቹን ረሳናቸው።

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ የምለው አጭር ነው፤ የመታሰቢያ ሐውልት አታቁሙ። በእማሆይም ስም ይሁን በአሸናፊ ከበደ ስም፣ ወልድያ ላይ አንድ ክፍል ይከፈት፤ ውስጡ ባለ 88 ቁልፍ አንድ እውነተኛ ፒያኖ፣ ኖታ የሚያስነብብ አንድ መምህር ይቀመጥ። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከሐብሩ ገጠር ለሚመጡት ማደሪያና ቁርስ ይታሰብ። ብሔራዊ ቴአትር በበኩሉ በዓመት አንድ ወጣት፣ አንድ ብቻ፣ ለልምምድ ፒያኖ በደመወዝ ይቅጠር፤ አንድ በአማርኛ የሚዘፈን አጭር የዜማ ቴአትርም ያዘጋጅ፤ ልጁ ዘፋኞቹን ያለማምድ፤ ዋናው መሪ የታመመ ዕለትም ይምራ። ደራሲው ፈቃዱን ቢሰጡ ሃርቫርድ ላይ የተሰማው የያሬድ ኦፔራ ክፍል ለመነሻ ይበቃል። መምህሩን ለመቅጠር የሚያስፈልገው ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ለመከልከል የሚጻፈውም እንዲሁ አንድ ገጽ አይሞላም። አሁን ቢሮ ተቀምጦ ማኅተሙን የያዘው ሰው የትኛውን እንደሚፈርም እየጠበቅን ነው።